«ጃፓንኛ ለምናችሁ?» ለሚሉን



በግቢያችን ጃፓንኛን ያለ አስተማሪ በራሳቸው የሚያጠኑ ልጆች መኖራቸው ከተሰማ ወዲህ ያልተባልነው ነገር የለም። አንዱ «ከማን ጋር ልታወሩበት ነው? ከአይሱዙ ጋር?» ይለናል። ሌላው «መጀመሪያ እንግሊዝኛችሁን አስተካክሉ» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ በአዛኝ ድምፅ «ግዴለም፣ ሁለት ሳምንት ነው፤ ይበርድላችኋል» ብሎ ያልፋል። የፊተኞቹን ሁለቱን ስቀን እናልፋቸዋለን። የሦስተኛው ንግግር ግን እውነት ስላለበት መልስ ይገባዋል ብለን ይህን ጽፈናል።

አዎ፣ ይበርዳል። ያለ መምህር ቋንቋ የሚጀምር ሰው መጀመሪያ ላይ አንበሳ ነው። አዲስ ደብተር ይገዛል፤ በሽፋኑ ላይ ስሙን በባዕድ ፊደል ይጽፋል፤ ወደ መኝታ ቤቱ ለገባ ሁሉ «ኮንኒቺዋ» ይላል። በሦስተኛው ሳምንት ደብተሩ ትራስ ሥር ይገባል። በሁለተኛው ወር የሒሳብ መሞከሪያ ይሆናል። ይህ የጃፓንኛ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ ክራር መማርም፣ በጠዋት ተነሥቶ መሮጥም እንዲሁ ነው።

ስለዚህ «ወኔ ከየት ይምጣ?» ብሎ መጨነቅ ለእኛ ብዙም አይታየንም። ወኔማ ይመጣል፤ ይሄዳልም። የሐብሩ ገበሬ የበልግን ዝናብ ያውቀዋል፤ አንድ ዓመት ይጥላል፣ ሌላ ዓመት ይቀራል። በመርሳና በግራና በኩል የወንዝ ውሃ ያገኘው ሁሉ ቦይ ቀዶ ማሳውን የሚያጠጣው ዝናብን ጠልቶ አይደለም፤ ስለማያምነው ነው። እኛም መጠየቅ ያለብን ወኔው በሌለበት ሳምንት ምን ይዞን ይቆያል የሚለውን ነው።

ለመሆኑ ሰው የት ላይ ነው የሚያቆመው? ጃፓንኛ በሦስት ዓይነት ጽሕፈት ይጻፋል። የመጀመሪያው ሂራጋና ይባላል፤ መሠረታዊ ፊደላቱ 46 ናቸው። አሠራሩ እንደ እኛው ነው፤ አንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ድምፅ ይዞ ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ እያለ ይሄዳል። 33ቱን ፊደል በሰባት ቤት አባዝቶ 231 የቆጠረ ልጅ 46 አያስፈራውም። በዚያ ላይ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። እኛ ሰ ላይ ምልክት ጨምረን ሸ፣ ተ ላይ ጨምረን ቸ፣ ደ ላይ ጨምረን ጀ እንደምንለው ሁሉ፣ እነሱም በፊደሉ ራስ በስተቀኝ ሁለት ትንንሽ ጭረት አክለው ካን ጋ፣ ሳን ዛ፣ ታን ዳ ያደርጓታል። ይህን ባየንበት ማታ በደስታ እንቅልፍ አልወሰደንም። በሁለት በሦስት ሳምንት ሂራጋና ያልቃል። ሰውም ጃፓንኛ የቻለ ይመስለዋል።

ከዚያ ካታካና ይመጣል። ያው ድምፅ፣ ያው 46፤ መልኩ ብቻ ሌላ። ከውጭ የገቡ ቃላትና የባዕድ ስሞች የሚጻፉበት ነው። ብዙው ሰው የሚያኮርፈው እዚህ ላይ ነው፤ «አንዱን ድምፅ ለምን ሁለት ጊዜ እንማራለን?» ይላል። ይህን የሚለው ደግሞ ሀን፣ ሐን፣ ኀን፤ ሰንና ሠን፤ አንና ዐን፤ ጸንና ፀን በአንደኛ ክፍል ያለ አንዳች ማብራሪያ የተቀበለ ሰው ነው! ባይሆን ለካታካና ምክንያት አለው። ደግሞም ለእኛ የሚቀርበው እሱ ነው፤ የእኛ ስም የሚጻፈው በእሱ ነዋ። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ የጨረሰው አበበ ቢቂላ በካታካና «አቤቤ» ነው፤ የግዕዙ ቤት ድምፃችን እነሱ ዘንድ ስለሌለ። አገራችን «ኤቺኦፒያ» ትባላለች። የሲዳሞና የሐረር ቡናችንም እዚያ ገበያ «ሞካ» በሚል ስም ሲሸጥ ይገኛል። ካታካናን የጠላ ሰው የራሱን ስም ማንበብ ሳይችል መቅረቱ ነው።

ሦስተኛው ካንጂ ነው፤ ከቻይና የመጣ፣ ትርጉም ጭምር የያዘ ምልክት። ለዘወትር ንባብ ያስፈልጋሉ ተብለው በጃፓን መንግሥት የተዘረዘሩት 2,136 ናቸው። ይህን ቁጥር ሰምቶ ደብተሩን ያልዘጋ ጥቂት ነው። እኛን ያጽናናን ሌላ ቁጥር ነው። የጃፓን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ስድስት ዓመት ነው፤ በስድስቱ ዓመት ልጆቹ የሚማሩት ካንጂ 1,026 ነው፤ ከዚህ ውስጥ የአንደኛ ክፍል ድርሻ 80 ብቻ! እስቲ አስቡት። እዚያው ተወልዳ፣ እናቷ በጃፓንኛ እሹሩሩ እያለች ያሳደገቻት ልጅ፣ መምህር ፊት ተቀምጣ በዓመት የምትማረው 80 ነው። እኛ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሌላ ስንማር ውለን፣ ማታ ደክሞን የምንቀመጠው፣ በወር 80 ካልያዝን ብለን ራሳችንን «ደደብ» እንላለን። ይህ ግፍ ነው። በሳምንት ሁለት ካንጂ የያዘ ሰው ከጃፓን አንደኛ ክፍል ጋር ጎን ለጎን እየሄደ ነው። እኛ እንደምናምነው ብዙ ሰው ጃፓንኛን የሚተወው ሰንፎ ሳይሆን ልክ ያልሆነ መስፈሪያ ይዞ ስለሚነሣ ነው። በቁና የሚሰፈረውን በጆንያ ከጠበቁት ምን ጊዜም ጎደለ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታችን እንምጣ። በስልክም በመጽሐፍም የምናገኘው የጃፓንኛ ማስተማሪያ ሁሉ ማለት ይቻላል በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ነው። እንግሊዝኛው ራሱ ለብዙዎቻችን ዳገት ሆኖ ሳለ፣ በእሱ ላይ ተንጠላጥለን ሌላ ዳገት እንወጣለን። መጽሐፉም «ልብ በሉ፤ በጃፓንኛ ግሥ የሚመጣው በመጨረሻ ነው» እያለ ያስጠነቅቀናል። እንዴ! በአማርኛስ የት ሊመጣ ኖሯል? «ዋታሺ ዋ ሚዙ ኦ ኖሚማስ» ቃል በቃል «እኔ ውሃን እጠጣለሁ» ነው። ያቺ ከሚዙ ኋላ የተለጠፈችው «ኦ» የእኛዋ «ን» ናት። «ዋ» ደግሞ «እኔስ»፣ «እኔማ» ስንል ከምንጨምራት ጋር ትቀራረባለች። በአረፍተ ነገሩ መጨረሻ «ካ» ከገባች ጥያቄ ይሆናል፤ ይህም «ደህና ናችሁ ወይ?» እንደማለታችን ነው። «ትናንት የመጣው ሰው» እንላለን፤ እነሱም «ኪኖ ኪታ ሂቶ» ይላሉ፤ ትናንት፣ የመጣው፣ ሰው፤ ቅደም ተከተሉ አንድ ነው። እንግሊዝኛው ግን ሰውየውን አስቀድሞ ወሬውን ከኋላ ያስከትላል። ከሁሉ ይበልጥ የገረመን ደግሞ መጽሐፎቹ ከባድ ምዕራፍ አድርገው የሚያቀርቡት የ«ቴ» ግሥ ነው። «መጥቶ፣ በልቶ፣ ተኛ» ለማለት «ኪቴ፣ ታቤቴ፣ ኔታ» ይላሉ። የወልድያ ሕፃን ሦስት ዓመት ሳይሞላው የሚናገረው አነጋገር ነው እኮ!

ማጥበቅና ማላላትም አለ። «ኪቴ» ሲላላ «መጥቶ» ነው፤ ቴው ሲጠብቅ ግን የፖስታ ቴምብር ይሆናል። እነሱ የሚጠብቀውን ትንሽ ፊደል ጨምረው ያሳዩታል። እኛ «አለ» ብለን ጽፈን ሰውየው ተናገረ ይሁን በሕይወት አለ ይሁን አንባቢው ይወቀው እንላለን። በዚህ በዚህ እነሱ በልጠውናል። ደግሞ የሚያስቅ ነገር እንጨምር፤ በጃፓንኛ የዘወትር ንግግር «አንታ» ማለት «አንተ» ነው። ግጥምጥሞሽ ነው እንጂ ዝምድና አይደለም፤ በዚህ ተነሥቶ የጠፋ ወንድም አገኘን የሚል ቢመጣ እንዳትሰሙት። ነገር ግን ታላቅን «አንታ» ማለት እነሱም ዘንድ ነውር ነው። በስም ላይ «ሳን» ይጨምራሉ፤ መምህርን «ሴንሴ» ይላሉ፤ ጋሼ፣ እትዬ፣ የኔታ እያለ ላደገ ሰው ይህ አዲስ አይሆንበትም። ሁሉ ነገር ቀላል ነው ማለታችን አይደለም። ዕቃ ሲቆጥሩ ለረጅሙ አንድ ቃል፣ ለጠፍጣፋው ሌላ፣ ለእንስሳው ሌላ አላቸው፤ እሱ እስካሁን ያስለቅሰናል። የምንለው ግን ይህ ነው፤ ጃፓንኛ በአማርኛ ቢተረጎምልንና ቢብራራልን የመንገዱ ግማሽ ሜዳ ነበር። ወኔያችንን ከሚያፈሱት ነገሮች ትልቁ፣ የሚቀለውን ነገር ከባድ ነው እየተባልን መማራችን ነው። ስለዚህ በደብተራችን እያንዳንዱን ደንብ ከአማርኛው ጋር አጣምረን መጻፍ ጀምረናል፤ ከዚያ ወዲህ የሄደብን ሰው የለም።

«የቋንቋው ባለቤት በሌለበት ቋንቋ ይለመዳል ወይ?» የሚል ጥያቄም ደርሶናል። ይህን የሚጠይቅ የወሎ ልጅ መሆን አልነበረበትም። በ19ኛው መቶ ዘመን በየጁ ምድር በዳና የተቀመጡት ደረሶች ዐረብ አገርን ሳያዩ ነሕው ቀርተው ዐረብኛ ኪታብ ይፈቱ ነበር። የቅኔ ቤት ተማሪም የግዕዝ ግሥ ሲያወርድ በእናቱ ቋንቋነት የሚናገረው አንድም ሰው በዓለም ላይ የለም፤ እሱ ግን በየዕለቱ አዲስ ቅኔ ይቆጥርበታል። እነዚህ ሰዎች ወኔያቸው ከእኛ የተለየ አልነበረም ብለን እንገምታለን፤ እነሱም ይርባቸው፣ ይደክማቸው፣ ቤታቸው ይናፍቃቸው ነበር። ያዘለቃቸው ሥርዓቱ ነው። በጋራ ይቀመጣሉ፤ ድምፅ አውጥተው ይላሉ፤ የቀደመው የኋለኛውን ያስቀጽላል፤ ትናንት የተማሩትን ዛሬ ሳይመልሱ ወደ ፊት የለም። እኛ ይህን ወስደናል። ማታ ከራት በኋላ ሁለት ሁለት ሆነን እንቀመጣለን፤ አሥር መስመር እንገለብጣለን፤ ያኛው ለዚህኛው ያስረዳል። ፈተና ባለበት ወይም ሰው በታመመበት ቀን አንድ መስመር ይበቃል። ነገር ግን አንዷ መስመር አትቀርም። በዚህ ላይ ምንም ድርድር የለንም።

ስለ ስልክ ትንሽ እንበል። ብዙ እኩዮቻችን ጃፓንኛን የሚያውቁት በስልክ ካርቱን ፊልምና በመማሪያ ፕሮግራም ነው፤ ይህ መጥፎ አይደለም። ሆኖም በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተማችን በጦርነት ውስጥ በነበረችበት ወራት መብራትም ኔትወርክም አልነበረም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆይቷል። ትምህርቱን ሁሉ ስልኩ ላይ ያንጠለጠለ ሰው ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ጃፓን ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት «ኢሮዶሪ» የሚል መማሪያ መጽሐፍ ከነድምፁ በነጻ ያሰራጫል፤ ኔትወርክ ባለበት ቀን አንድ ጊዜ ማውረድ፣ ከዚያ በእጅ መገልበጥ ነው። በእጅ የተገለበጠ ወረቀት ባትሪ አይፈልግም። ደግሞ ካንጂን ለያዘ እጅ ከመጻፍ የተሻለ መድኃኒት አላየንም።

ለምን እንደምንማር መናገር ይቀረናል። አንዳንዱ የውጭ ትምህርት ዕድል አሳድደን ይመስለዋል። ስለዚህ ጉዳይ የምናውቀውን በግልጽ እናስቀምጥ። የጃፓን ትምህርት ሚኒስቴር ከሚሰጣቸው የነጻ ትምህርት ዕድሎች አንዱ ለመምህራን የተዘጋጀ ነው፤ ዕድሜው ከ35 በታች የሆነና ቢያንስ አምስት ዓመት ያስተማረ ሰው ለአንድ ዓመት ተኩል ይሠለጥንበታል፤ የመጀመሪያዎቹ ወራትም የቋንቋ ትምህርት ናቸው። ማስታወቂያውንና ዝርዝሩን አዲስ አበባ ካለው የጃፓን ኤምባሲ መከታተል ነው። አምስት ዓመት የሚለውን ልብ በሉ። መንገዱ የሚያልፈው በገጠር ትምህርት ቤት በኩል ነው። አምስት ዓመት የሚርቅ ተስፋ ደግሞ በዛሬ ማታ ድካም ላይ ጉልበት የለውም፤ አይተነዋል፤ ለዕድሉ ብለው የጀመሩት ናቸው ቀድመው የበረዱት።

አባቶቻችን ጃፓንን ለማወቅ የጓጉት ዛሬ አይደለም። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት የጃፓንን የሜይጂ ሕገ መንግሥት ምሳሌ አድርጎ ተዘጋጅቷል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጽፈዋል። ከበደ ሚካኤልም «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» የሚል መጽሐፍ አላቸው። እነዚህን ያነበበ ሰው ስለ ጃፓን ብዙ ያውቃል። ጃፓኖች ስለ ራሳቸው የጻፉትን በራሳቸው ቃል ለማንበብ ግን ሌላ ሥራ ይጠይቃል፤ እኛ ያንን ሥራ አንድ ስንዝር እንኳ ብንገፋው ደስ ይለናል። ይህ አንዱ ምክንያት ነው።

ትልቁ ምክንያት ግን ከዚሁ ከሙያችን የመጣ ነው፤ ስንጀምር አላሰብነውም። ሂራጋናን ስንማር ከብዙ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንበብ የማይችል ሰው ሆንን። አንዱን ቃል ለማንበብ አንድ ደቂቃ ይፈጃል፤ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ መጀመሪያው ይረሳል። አ፣ ኢ፣ ኡ፣ ኤ፣ ኦ ብለን በዜማ እንወርደዋለን፤ ጓደኛችን መሐል ላይ ጣቱን ሲያሳርፍ ግን ከላይ ካልጀመርን አናውቀውም። ይህን ያየነው የት ነው? ለልምምድ በተላክንበት አንደኛ ክፍል ነው! ልጁ ከ«ሀ» እስከ «ሆ» እንደ ውሃ ያወርደዋል፤ «ሂ» ላይ ጣት ሲያርፍ ዓይኑን ይተክላል። እኛም «ሰነፍ ነው» ብለን ጽፈን ነበር የመጣነው። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ዜማውን እንጂ ፊደሉን ገና አላገኘውም። ደግሞ ልዩነቱን ተመልከቱ። በሂራጋና ካ፣ ኪ፣ ኩ በመልክ አይገናኙም፤ ሁሉም በየራሱ መያዝ አለበት። የእኛ በ፣ ቡ፣ ቢ ግን አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ካዕቡ መሐሉ ላይ፣ ሣልሱ እግሩ ላይ ቅጥያውን ያሳያል። ይህን ንድፍ ለልጁ ብናሳየው ምን ያህል ሸክም እንደምናቀልለት አስቡት። ብዙ ጊዜ ግን አናሳየውም፤ ሰሌዳውን እናዘምረዋለን እንጂ።

ይህን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። በጦርነቱና በትምህርት ቤቶች መዘጋት ምክንያት በአካባቢያችን ዓመታት ያለፉባቸው ልጆች አሉ። ነገ እኛ ስንመደብ፣ የአሥር የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር ፊደል ሊቆጥር ይቀመጣል። ያ ልጅ በጉልበቱ አርሶ የሚያድር ነው፤ በማንበብ ግን ከታናሽ እህቱ ያንሳል። ውርደቱን የሚረዳለት መምህር ካላገኘ ጥር ሳይደርስ ይቀራል። ማን ይረዳለት? በቅርቡ ራሱ ፊደል የጠፋበት ሰው ይረዳለታል።

ስለዚህ ለመምህሮቻችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። በማስተማር ዘዴ ትምህርት ውስጥ እያንዳንዱ እጩ መምህር ለአንድ ወር የማያውቀውን ፊደል ይማር። ሂራጋና የግድ አይደለም፤ የዐረብኛም፣ የሌላም ይሁን። ፈተና አይኑረው፤ ነጥብ አይሰጠው። በየሳምንቱ መጨረሻ የት ላይ እንደተቸገረ፣ የትኛውን ከየትኛው እንዳምታታ፣ ምን እንደረዳው ግማሽ ገጽ ይጻፍ፤ ጽሑፉም በክፍል ይነበብ። ወጪ የለበትም። ደብተርና እርሳስ ብቻ ነው የሚፈልገው። ስለ ሕፃናት ንባብ ከተሰጠን ማስታወሻ ሁሉ የበለጠ ትምህርት ከዚህ እንደሚገኝ እርግጠኞች ነን፤ የማይስማማ ካለ በሚቀጥለው እትም ይጻፍብን።

ሁለተኛው ጥያቄያችን ለቤተ መጻሕፍቱ ነው። አንድ መደርደሪያ እንዲሰጠንና ማታ አንድ ሰዓት ተጨምሮ እንዲከፈትልን እንለምናለን። በመደርደሪያው ላይ የምናኖረው በእጃችን የገለበጥነውንና በአማርኛ ያብራራነውን ነው፤ እስካሁን ሁለት ደብተር ሙሉ ደርሷል። ጃፓንኛ ብቻ አይሁን፤ ስዋሂሊ የሚሞክሩ፣ የምልክት ቋንቋ የጀመሩ ልጆች መኖራቸውን ሰምተናል፤ እነሱም ያምጡ።

የሂራጋናና የካታካና ሰንጠረዥ ከነአማርኛ ንባቡ ከዚህ ጋዜጣ በስተቀኝ ተለጥፏል። የፈለገ ሁሉ እርሳስ ይዞ መጥቶ መገልበጥ ይችላል። ሐሙስ ማታ ከራት በኋላ ደግሞ አዲስ ለሚጀምሩ ከ«አ» እንነሣለን፤ ደብተር ይዛችሁ ኑ። ሰንጠረዡን መገንጠል ግን ክልክል ነው። ባለፈው የእግር ኳሱን ፕሮግራም ገንጥላችሁ የወሰዳችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።